ሳን ሴባስቲያን ወይስ ዶኖስቲያ? የአንዲት የስፔን ባሕር ዳርቻ ከተማ ስም በእንግሊዝኛ ጽሑፍ

«ሪያል ሶሲዳድ የየት ከተማ ክለብ ነው?» ቢባል ላሊጋን የሚከታተል ሰው «የሳን ሴባስቲያን» ለማለት አያመነታም። ያው ሰው ቢልባኦ ላይ ወርዶ ወደ ከተማዋ የሚወስደውን አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ ግንባሩ ላይ «ዶኖስቲያ» የተጻፈበት አውቶቡስ ቢመጣ «የኔ አይደለም» ብሎ ሊያሳልፈው ይችላል። አውቶቡሱ ግን የሚሄደው እዚያው ነው።

ከተማዋ በሰሜን ስፔን፣ በባስክ ክልል፣ በቢስካይ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች የመዝናኛ ከተማ ናት። ከፈረንሳይ ድንበር የሚለያት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በስፓኒሽ ሳን ሴባስቲያን፣ በባስክ ቋንቋ ዶኖስቲያ ትባላለች፤ ሁለቱም ስሞች ሕጋዊ ናቸው። ጣጣው የሚጀምረው ስለ እሷ በሦስተኛ ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛ፣ መጻፍ ሲያስፈልግ ነው። ተርጓሚው፣ የጉዞ ወኪሉ፣ የቪዛ ፎርም የሚሞላው፣ የስፖርት ዜና የሚያዘጋጀው ሁሉ «የቱን ልጻፍ?» ማለቱ አይቀርም።

መልሱ ባጭሩ እንዲህ ነው። ለአንባቢ በሚቀርብ ተራ ጽሑፍ ሳን ሴባስቲያን ይባላል። ፎርምና አድራሻ ላይ፣ ከፊትዎ ያለው ሰነድ እንዴት እንደጻፈው ታይቶ እንዳለ ይገለበጣል። የተቋም፣ የሽልማት ወይም የውድድር ስም ሲሆን ደግሞ ባለቤቱ ያወጣለት ስም አይነካም። ስሕተት የሚበዛው አንዱን ደንብ ለሌላው ሥራ ሲያውሉት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ሁለት፣ ቅዱሱ አንድ

ዶኖስቲያ የጥንቱ የአገሬው ስም፣ ሳን ሴባስቲያን ደግሞ በኋላ ከላይ የተለጠፈ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንደዚያ አይደለም። ሁለቱም ትርጉማቸው «ቅዱስ ሴባስቲያን» ነው። በባስክ የቦታ ስሞች መጀመሪያ ላይ «ዶኔ»፣ «ዶና» ወይም «ዶኒ» ሲገኝ ቅዱስ ማለት ነው፤ ቃሉ የመጣው «ጌታ ሆይ» ከሚለው የላቲን «ዶሚኔ» ነው። መጨረሻ ላይ የቀረው «ስቲያ» የሴባስቲያን ቁራጭ ነው። እኛ ዘንድ «እግዚአብሔር» በሰው አፍ ሲመላለስ «እግዜር» እንደሆነው ሁሉ፣ «ዶኔ ሴባስቲያን»ም መሐሉ እየሟሟ ዶኖስቲያ ሆነ።

ይህ ለወሬ ማሳመሪያ ብቻ የሚሆን እውቀት አይደለም። «እውነተኛው ስም የቱ ነው?» ብሎ መድከምን ያስቀራል፤ ሁለቱም እውነተኛ ናቸውና። የጉብኝት መርሐ ግብር ላይ «ሰኞ ሳን ሴባስቲያን፣ ማክሰኞ ዶኖስቲያ» ብሎ አንዲቱን ከተማ ሁለት ጊዜ ከመጎብኘትም ያድናል።

ምርጫው ስሜት የለበትም ማለት ግን አይደለም። በስፔኑ አምባገነን በጄኔራል ፍራንኮ ዘመን የባስክ ቋንቋ ከመንግሥት ሥራ ተገፍቶ ነበር። የ1979ኙ የክልሉ የራስ አስተዳደር ሕግ ከስፓኒሽ ጎን የሥራ ቋንቋ አደረገው፤ ከዚያም የ1982ቱ የቋንቋ ሕግ በ10ኛ አንቀጹ የቦታ ስሞች እንዴት እንደሚጸድቁ ደነገገ። ናዝሬትና አዳማን፣ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱን እያፈራረቀ ሲጠራ የኖረ አንባቢ፣ የአንድ ከተማ ሁለት ስም ከፊደል በላይ እንደሚከብድ ነጋሪ አያሻውም። ዶኖስቲያ ላይ የተለየው ነገር ሁለቱም ስሞች በአንድ ጊዜ መጽደቃቸው ነው።

በስፔን ብሔራዊ የስታቲስቲክስ ተቋም ዝርዝር ውስጥ ከተማዋ በቁጥር 20069 ተመዝግባለች፤ ስሟም «ዶኖስቲያ/ሳን ሴባስቲያን» ነው። መሐል ያለችው እዝባር ሥራ አላት፤ «ወይም» እንደማለት ናት፣ አንዱን ብቻ ብትወስድ አልተሳሳትክም ትላለች። የክልሉ መንግሥት መቀመጫ የሆነችው ቪቶሪያ-ጋስቴይስ ግን የተያያዘችው በጭረት ነው፤ የእሷ ስም ሁለት አማራጭ ሳይሆን አንድ ጥምር ስም ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው፣ ሳን ሴባስቲያን ከፖላንዷ ቭሮትስዋፍ ጋር የአውሮፓ የባህል መዲና በሆነችበት ዓመት የዝግጅቱ ስም «ዶኖስቲያ-ሳን ሴባስቲያን 2016» ተብሎ በጭረት መጻፉ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም አጻጻፍ በእንግሊዝኛ ሰነዶች ላይ ያገኛሉ። ምንጭ ሲጠቅሱ ምንጩ እንደጻፈው ይተዉት፤ በራስዎ ጽሑፍ ግን ድርቡን ስም በየመስመሩ መድገም አያስፈልግም። የመንግሥት ሰነድ ወግ ነው እንጂ የሰው ንግግር አይደለም።

እንግሊዝኛው እዚህ የደረሰበት መንገድ

እንግሊዞች ከተማዋን በደንብ የተዋወቋት በመድፍ ነው። በናፖሊዮን ጦርነት ጊዜ ፈረንሳዮች ይዘዋት ስለነበር የእንግሊዝና የፖርቹጋል ጦር ከበባትና ኦገስት 31 ቀን 1813 ቅጥሯን ሰብሮ ገባ፤ ከዚያም ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ከእሳቱ የተረፉት ቤቶች ያሉበት ጎዳና ዛሬም «ኦገስት 31» ይባላል። የዚያን ጊዜው እንግሊዝኛ የቅዱሱን ማዕረግ ወደ ራሱ ተርጉሞ «ሴንት ሴባስቲያን» ይል ነበር። በውጊያው የተካፈሉ የእንግሊዝ ሬጅመንቶች በተሰጣቸው የውጊያ ክብር (በሰንደቃቸው ላይ በሚጻፈው የውጊያ ስም) ላይም ስሙ በዚሁ መልክ ቀርቷል። የጦር ታሪክ የሚተረጉም ሰው ይህን አይቶ «ስሕተት ነው» ብሎ ቢያርመው የሚያበላሸው እሱ ነው። የውጊያው ክብር ሴንት፣ ከተማዋ ሳን።

ከመድፉ በኋላ ባሕሩ መጣ። ንግሥት ኢሳቤል 2ኛ በ1845 ለባሕር ውኃ ሕክምና ሄደች፤ በ1863 የድሮው ቅጥር መፍረስ ጀመረና ከተማዋ ተንፈስ አለች፤ ከ1887 ጀምሮ ደግሞ ንግሥት ማሪያ ክርስቲና ክረምቷን እዚያ ማሳለፍ ስለያዘች ቤተ መንግሥቱ ከነመኳንንቱ በየበጋው ወደ ባሕሩ ይወርድ ጀመር (የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ መሆኑን ልብ ይሏል)። እንግሊዝኛ ተናጋሪው መንገደኛ ባቡር ጣቢያው ላይና ሆቴሉ ደጃፍ ላይ ያነበበው ሳን ሴባስቲያንን ነው፤ ይዞ የተመለሰውም እሱን ነው። ሴንት ቀስ በቀስ ቀረ።

እንግሊዝኛ ለስፔን ከተሞች በሙሉ እንዲህ አላደረገም። ሴቪያን እስከ ዛሬ «ሴቪል» ይላታል፣ ማንም አይቀየመውም። ኣ ኮሩኛን «ኮራና»፣ ሳራጎሳን በድሮው አጻጻፍ የሚጠራ ጽሑፍ ግን አሁን የአያት ሽታ አለው። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የቦታ ስሞችን የሚመለከተው ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1967 ጄኔቫ ላይ ከተሰበሰበ ወዲህም አዝማሚያው ባዕዳን ያወጡትን ስም እየቀነሱ ባለቤቶቹ በሚጠሩበት መጥራት ሆኗል።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው በእንግሊዝኛም ዶኖስቲያ እንበላት» የሚል ክርክር ይመጣል። ክርክሩ ቅን ነው፣ ግን አንድ ነገር ይስታል። ሳን ሴባስቲያን ባዕዳን ያወጡት ስም አይደለም። በከተማዋ ውስጥ በየቀኑ የሚነገር፣ የከተማዋ ራሷ ሕጋዊ ስም ነው። ባዕዳን ያወጡት ሴንት ሴባስቲያን ነበር፣ እሱም ሄዷል። ሁለቱም የአገር ልጆች ከሆኑ ዘንድ የሚለያቸው አንባቢው የሚያውቀው የቱን ነው የሚለው ነው፤ የእንግሊዝኛ አንባቢ ደግሞ የሚያውቀው ሳን ሴባስቲያንን ነው። ጽሑፉ ስለ ባስክ ቋንቋና ባህል ከሆነ ዶኖስቲያን ዋና ማድረግ ያስኬዳል፤ ያን ጊዜም መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ሁለቱን ማገናኘት ያስፈልጋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቀስ «ሳን ሴባስቲያን፣ በባስክ ቋንቋ ዶኖስቲያ» ይባላል፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ሳን ሴባስቲያን ብቻ። ቃል ላለመድገም ብሎ በአንዱ አንቀጽ ይህን በሌላው ያን መጻፍ ከሁሉ የከፋ ነው። የቦታ ስም የቅኔ ቃል አይደለም፤ ቢደገም አያስነውርም። በመጽሐፍ ማውጫ ላይ ደግሞ ስሙ «ሳን» በሚለው ፊደል ተራ ይገባል እንጂ «ሴባስቲያን» በሚለው አይገባም፤ በ«ዶ» ተራ ላይ «ዶኖስቲያ፦ ሳን ሴባስቲያንን ይመልከቱ» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር የባስክ ስሙን ይዞ የመጣው አንባቢ አይጠፋም።

አናት ላይ ያለችው ምልክት

በስፓኒሽ አጻጻፍ የመጨረሻዋ «ኤ» ፊደል አናት ላይ ወደ ቀኝ ያዘነበለች ትንሽ ምልክት አለች። ለጌጥ አይደለችም። በስፓኒሽ ደንብ በአናባቢ፣ በ«ን» ወይም በ«ስ» የሚያልቅ ቃል ድምፁ የሚከብደው ከመጨረሻው ቀድሞ ባለው ክፍለ ቃል ላይ ነው፤ ከዚያ ካፈነገጠ በምልክት መነገር አለበት። ሴባስቲያን በ«ን» አልቆ ድምፁ የሚከብደው መጨረሻው «ያን» ላይ ስለሆነ ምልክቷ ግድ ሆነች። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን «ባስ» ላይ አክብዶ «ሰባስቺያን» ወደሚመስል ድምፅ ይወስደዋል፤ በእንግሊዝኛ ንግግር መሐል ይህ ስሕተት አይባልም።

በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ምልክቷን ማስቀመጥም መተውም ይቻላል። የማይቻለው ማደባለቅ ነው። ሴባስቲያን ላይ ካስቀመጡ ማላጋና ካዲስ ላይም ያስቀምጡ፤ ከተዉ ከሁሉም ላይ ይተዉ። የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ቦታዋን ይወቅ፤ በችኮላ «አይ» ፊደል ላይ የምትገኝበት ጊዜ ቀላል አይደለም፤ እንዲያ ከሆነች ባትኖር ይሻላል። ስሙ በሙሉ በትልልቅ ፊደላት ሲጻፍም ምልክቷ አትወድቅም፤ «ትልቅ ፊደል ምልክት አይዝም» የሚባለው ከድሮ ማተሚያ ቤት የቀረ ልማድ ነው።

በዊንዶውስ ኮምፒውተር «ኦልት» ቁልፍን ይዞ በቀኝ በኩል ባለው የቁጥር ሰሌዳ 0225 ሲጻፍ ትንሿ ፊደል ከነምልክቷ ትወጣለች። በማክ «ኦፕሽን» ከ«ኢ» ጋር ተጭኖ ቀጥሎ «ኤ» ይጫናል። ስልክ ላይ «ኤ»ን ጫን ብሎ ማቆየት ይበቃል።

አንድ የማይታይ ችግር አለ። ምልክት ያላት ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ በሁለት መንገድ ልትቀመጥ ትችላለች፤ እንደ አንድ ፊደል፣ ወይም ተራ ፊደል ሲደመር ተንሳፋፊ ምልክት። ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለፍለጋ ግን የተለያዩ። «ሀ» እና «ሐ» በአፍ አንድ ሆነው በፍለጋ ሳጥን የተለያዩ እንደሚሆኑት ነው፤ የዚህኛው ክፋት ዓይን እንኳ አለመለየቱ ነው። የከተሞች ዝርዝር ከብዙ ምንጭ የሚሰበስብ ሰው ሁሉንም ወደ አንደኛው መንገድ ካልቀየራቸው አንዲቱ ከተማ ሁለት ጊዜ ትቆጠራለች። ፊደሏ በሁለት ባዕድ ምልክቶች ተተክታ ከታየች ደግሞ ፋይሉ የተከፈተው በተቀመጠበት ኮድ አይደለም ማለት ነው፤ ኮዱን ዩቲኤፍ 8 ብሎ እንደገና መክፈት ይፈታዋል። በእጅ እየለቀሙ ማረም አያስፈልግም።

ፎርም፣ ትኬት፣ አድራሻ

እዚህ ላይ ቅልጥፍና አይሠራም፣ መገልበጥ ነው። የሼንገን ቪዛ ፎርም የሚያርፉበትን ቦታ ስምና አድራሻ ይጠይቃል። የሆቴሉ ማረጋገጫ «ዶኖስቲያ» ካለ ዶኖስቲያ፣ «ሳን ሴባስቲያን» ካለ ሳን ሴባስቲያን፣ ሁለቱን በእዝባር ካስቀመጠ በእዝባር። ማረጋገጫው አንዱን፣ የአውሮፕላኑ ወይም የአውቶቡሱ ትኬት ሌላውን ሲል ፎርሙ ላይ ሁለቱን በእዝባር መጻፍ ይሻላል፤ ሕጋዊው ስም ራሱ እንዲያ ስለሆነ ማንም አይጠይቅም። ፎርሙን የሚመረምረው ሰው ሁለት ከተማ መስሎት የጉዞ ዕቅዱ አልገጠመም እንዳይል ነው።

ከስሙ ይልቅ የሚያስተማምነው የፖስታ ቁጥሩ ነው። የስፔን የፖስታ ቁጥር አምስት አኃዝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ክፍለ ሀገሩን ይናገራሉ። የኛዋ ከተማ በጊፑስኮዋ ስላለች በ20 ይጀምራል። ይህ የሚጠቅመው ሌሎች ሳን ሴባስቲያኖች ስላሉ ነው። ከማድሪድ አጠገብ ያለችው ሳን ሴባስቲያን ዴ ሎስ ሬይስ ቁጥሯ በ28 ይጀምራል፤ ባሕር የላትም። በካናሪ ደሴቶች ያለችው ሳን ሴባስቲያን ዴ ላ ጎሜራ በ38 ይጀምራል፤ እሷ ባሕር አላት፣ ግን አትላንቲክ መሐል ናት። ፖርቶ ሪኮም አንድ አላት። ርካሽ ሆቴል አገኘሁ ብሎ የሚደሰት ሰው ከመክፈሉ በፊት እነዚያን ሁለት አኃዞች ይይ። «ሳንሴ» የሚለውን አሕጽሮትም መጠርጠር ነው፤ ለማድሪዷ ከተማ ክለብም ለሪያል ሶሲዳድ ሁለተኛ ቡድንም ያገለግላል።

አውሮፕላን ማረፊያው የራሱ ጣጣ አለው። «የሳን ሴባስቲያን» ይባላል፣ መለያው «ኢ ኤ ኤስ» ነው፣ ያለው ግን ከተማዋ ውስጥ ሳይሆን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ፣ ፈረንሳይ ድንበር ላይ ባለችው ኦንዳሪቢያ ነው። ትንሽ ማረፊያ ስለሆነ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ቢልባኦ ወይም 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ቢያሪትስ ነው። ቢያሪትስ ግን ፈረንሳይ ውስጥ ናት። ከሼንገን ውጭ በቀጥታ ወይም በፓሪስ በኩል ወደዚያ ለሚበር ሰው ፎርሙ ላይ ዋና መዳረሻው ስፔን ቢሆንም መጀመሪያ የሚገባበት አገር ፈረንሳይ ነው፤ ሁለቱን ሳጥኖች በአንድ ስም መሙላት የተለመደ ስሕተት ነው። ፈረንሳዮቹ ደግሞ ከተማዋን በራሳቸው አፍ «ሴን ሴባስቲያን» ስለሚሏት፣ ሦስተኛ ስም ቢሰሙ አይደንግጡ።

የአየር መንገድ ሲስተሞች የአናት ምልክት አይቀበሉም። ፓስፖርት ግርጌ ያሉት በማሽን የሚነበቡ ሁለት መስመሮችም ከፊደል ወገን ሃያ ስድስቱን ተራ የላቲን ፊደላት ብቻ ነው የሚያውቁት። ስለዚህ ትኬት ላይ ምልክቷ ብትጠፋ ስሙ ተቀየረ ማለት አይደለም።

የተቋም ስም አይነካም

«በእንግሊዝኛ ሳን ሴባስቲያን ይባላል» የሚለውን የተማረ ሰው ደንቡን ሁሉም ቦታ ሊተክለው ይቃጣዋል። በ1953 የተጀመረው የፊልም ፌስቲቫል በእንግሊዝኛ የሳን ሴባስቲያን ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ነው፤ በባስክ ዶኖስቲያ ሲኔማልዲያ ይባላል። ይሄ ደንቡን ይከተላል። በዚያው ፌስቲቫል ላይ ግን ለዕድሜ ልክ ሥራ የሚሰጠው ሽልማት፣ በ1986 የተጀመረው፣ በስፓኒሽም በእንግሊዝኛም የዶኖስቲያ ሽልማት ነው። «የሳን ሴባስቲያን ሽልማት» ብሎ የጻፈ ሰው ሌላ ሽልማት ፈጥሯል። ለምርጥ ፊልም የሚሰጠው ወርቃማው ዛጎል ደግሞ ስሙን ያገኘው ከዋናው የባሕር ዳርቻ ከላ ኮንቻ ነው፤ ኮንቻ ዛጎል ማለት ነው። ለሽልማቱ እንግሊዝኛው ይተረጎማል፣ ለዳርቻው አይተረጎምም።

ላ ኮንቻ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። «ላ» ራሱ የስፓኒሽ መስተአምር ነው፣ እንግሊዝኛው «ዘ» እንደሚለው። ስለዚህ «ዘ ላ ኮንቻ ቢች» ሲባል ቃሉ ሁለት ጊዜ ይገባል። «ላ ኮንቻ ቢች» ይበቃል። የብስክሌት ውድድሩ ክላሲካ ሳን ሴባስቲያን ነው፤ 20 ኪሎ ሜትር የሚሮጥበት የጎዳና ውድድር ቤሆቢያ–ሳን ሴባስቲያን ነው፤ የመጀመሪያው ቃል ሩጫው የሚነሣበት ቦታ ስለሆነ «የቤሆቢያዋ ሳን ሴባስቲያን» ተብሎ አይነበብም። የከተማዋ ተወላጅ በስፓኒሽም በባስክም ዶኖስቲያራ ይባላል፤ እንግሊዝኛው የለመደው አንድ ቃል ስለሌለው «የሳን ሴባስቲያን ሰዎች» ማለት ነው የሚሻለው።

ለአማርኛ አንባቢ አንድ የጎን ወሬ፦ የሪያል ሶሲዳድ ስታዲየም አኖኤታ ያለበት ሰፈር አማራ ይባላል። የባስክ ስም ነው፤ ከኛው ጋር ዝምድና ልፈልግለት የሚል ካለ ጊዜውን ይቆጥብ።

ጎረቤቶቿና ዘመዶቿ

ለሳን ሴባስቲያን የሚሠራው ደንብ ለሌላው የስፔን ዳርቻ ሁሉ አይሠራም፤ ደንቡ የቆመው እንግሊዝኛው አስቀድሞ ስም ስላለው ነውና። ስም የሌላቸው ትንንሾቹ ሕጋዊውን ይከተላሉ። ከሳን ሴባስቲያን ወደ ምዕራብ ያሉት የዋና ከተሞች ሳራውትስና ጌታሪያ (የመጀመሪያውን የዓለም ዙሪያ ጉዞ በ1522 የፈጸመው የኤልካኖ አገር) በባስክ አጻጻፋቸው ይጻፋሉ፤ አውሮፕላን ማረፊያዋ ኦንዳሪቢያም የድሮውን ፉዌንቴራቢያን ትታለች። ክፍለ ሀገሩ ራሱ ከ2011 ጀምሮ በሕግ ስሙ የባስኩ ጊፑስኮዋ ነው።

የባስክ ፊደል አነባበብ ካልታወቀ ግን በትክክል የተጻፈው በስሕተት ይነበባል። «ዜድ» ስ ነው እንጂ ዝ አይደለም። «ኤክስ» ሽ ነው። «ቲ ኤክስ» ች ነው፤ የቡና ቤቱ ቁራሽ ምግብ ፒንቾ በባስክ በዚህ ይጻፋል። «ጂ» ሁልጊዜ ግ ነው፤ ጌታሪያን «ጄታሪያ» የሚላት እንግሊዝኛ የለመደ አፍ ነው።

በጋሊሲያ ያለችው ሳንሼንሾ ከሁሉም የምታስቅ ናት። በስፓኒሽ ሳንኼንኾ ተባለች፤ የዚህ ስም ጉድ፣ ቅዱሱ በስፓኒሽ ሳን ኺኔስ ሆኖ ሳለ፣ የጋሊሲያውን ስም ድምፁን ብቻ አጣምሞ ወደ ስፓኒሽ ማስገባቱ ነው። በጋሊሲያ የ1983ቱ የቋንቋ ሕግ መሠረት ሕጋዊው የጋሊሲያው ስም ብቻ ስለሆነ በእንግሊዝኛም ሳንሼንሾ ነው፣ ምርጫ የለም። ወደ አሊካንቴ ሲወረድ ግን ኻቤያ አለች፤ በቫሌንሲያ ቋንቋ ሻቢያ። ብዙ እንግሊዛውያን እዚያ ስለሚኖሩና እነሱ የለመዱት የስፓኒሹን ስለሆነ በእንግሊዝኛ ያሸነፈው ኻቤያ ነው፤ መንገድ ላይ ግን ሻቢያ የሚል ምልክት ይጠብቅዎታል። ኢቢዛ ከዚህም ያለፈች ናት። ሕጋዊ ስሟ ኤይቪሳ ቢሆንም ቲሸርቱም ዘፈኑም ኢቢዛ ካለ ወዲያ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ኤይቪሳ ማለት አንባቢን ወደ ካርታ መላክ ነው።

ወደ አማርኛ ሲመለስ

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው የእንግሊዝኛውን አፍ ይዞ መምጣት የለበትም። ሳን ሴባስቲያን ተብሎ በሁለት ቃል ይጻፋል፤ «ሰባስቺያን» አይባልም። «ቅዱስ ሴባስቲያን» ተብሎም አይተረጎም፤ ሳን ፍራንሲስኮን ማንም «ቅዱስ ፍራንሲስኮ» እንደማይላት ሁሉ። በዚህ ሥራ ፊደላችን ከእንግሊዝኛው ይሻላል፤ የስፓኒሹን «ኾታ» (የ«ጄ» ፊደል ድምፅ) እንግሊዝኛው በ«ኤች» ሲያለሳልሰው እኛ ኸ አለን፣ የባስኩን «ቲ ኤክስ» ለመጻፍ ሁለት ፊደል ሲያስፈልገው እኛ ች አለን። ያልተመቸን የአናት ምልክቷ ብቻ ናት። አማርኛ ላይ ቦታ ስለሌላት ትቀራለች፤ የሚያነበው ሰው «ያን» ላይ ይጫን።